የጠመንጃ ጥይት በእጅ ሲሞሉ ግፊት መብዛቱን እንዴት ያውቃሉ?

የተተኮሰ ቀለህ ግርጌ ፎቶ ይደርሰኛል፤ ከሥሩም «ይህ ደኅና ነው ወይ? ባሩድ ልጨምርበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ላኪው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። አንዱ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአጋዘን አደን የሚዘጋጅ ነው፤ ሌላው ቴክሳስ ወይም ኮሎራዶ ውስጥ የዒላማ ተኩስ የለመደ። በፎቶ ብቻ ይህን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ራስዎ መርምረው የሚደርሱበትን መንገድ ከነምክንያቱ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መመሪያው መሣሪያ በሕግ ለያዙ፣ ጥይት በቤት መሙላት በሚፈቀድበት አገር ለሚኖሩና የአሞላሉን መሠረታዊ ሥራ ለሚያውቁ ነው። ምሳሌዬ .308 ዊንቸስተር የሚተኩስ፣ መዝጊያው በእጅ የሚሠራ ጠመንጃ ነው። የባሩድ መጠን እዚህ አያገኙም፤ እሱ የሚወሰደው ከታተመ የመሙያ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ለመግባባት ያህል፦ ቀለህ ስል የናሱን ቅርፊት ማለቴ ነው። ዓረር ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው ነው። ፕራይመር በቀለሁ ግርጌ መሃል ተቀምጣ ባሩዱን የምትለኩሰው ትንሽ ቆብ ናት። መዝጊያ ደግሞ ቀለሁን ከኋላ የሚደግፈው፣ እጀታው ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሳበው ብረት ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት

የአሜሪካ የመሣሪያና የጥይት አምራቾች ተቋም (ሳሚ) ለ.308 ዊንቸስተር ያስቀመጠው ከፍተኛ አማካይ ግፊት 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። ለ.30-06 60,000፣ ለ.223 ሬሚንግተን 55,000፣ ለ.30-30 42,000፣ ለ.45-70 ደግሞ 28,000 ነው። ናሱ ግን የጥይቱን ስም አያውቅም። የቀለሁ ግርጌ ተሸንፎ በዓይን የሚታይ ምልክት የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ግፊቱ ከ65,000 ፒኤስአይ ሲያልፍ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በ.308 ላይ ግልጽ ምልክት ካዩ ወሰኑን ቀድመው አልፈዋል። በ.30-30 ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ለ42,000 የተሠራ ጠመንጃ 55,000 ተጭኖበት ቀለሁ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የቀለሁ ምልክት እንዲያቆሙ ይነግርዎታል እንጂ እንዲቀጥሉ ፈቃድ አይሰጥዎትም። «ምልክት የለም፣ ልጨምር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በመጽሐፉና በፍጥነት መለኪያው ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የታተመ የመሙያ መጽሐፍ፤ ቢቻል አንዱ የዓረሩ አምራች፣ ሌላው የባሩዱ አምራች ያወጣው
- በግሬን የሚለካ ሚዛን (1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው) ከማረጋገጫ ክብደቶቹ ጋር
- ክሮኖግራፍ፣ ማለትም የዓረር ፍጥነት መለኪያ
- ካሊፐር፣ እንዲሁም 0.0001 ኢንች የሚያነብ ማይክሮሜትር
- የቀለህ ትከሻ (ቀለሁ ወደ አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ) መለኪያ
- 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መስተዋትና ትንሽ የእጅ ባትሪ
- ለጠመንጃዎ የሚሆን የፋብሪካ ጥይት፣ አንድ ካርቶን
- ዓረር መንቀያ መዶሻ
- የማይለቅ ቀለም ያለው ብዕር፣ የማስታወሻ ደብተር
- የዓይንና የጆሮ መከላከያ

ማይክሮሜትሩን ለጊዜው ቢያጡ ሥራው አይቆምም። ክሮኖግራፍ ከሌለዎት ግን ከመጽሐፉ መነሻ መጠን ብዙም አይራቁ።

ማስጠንቀቂያ

- የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አንድም ጥይት አይተኩሱ። ፕራይመር ሲበሳ ጋዙ የሚመጣው ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ነው።
- በመሙያ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ የባሩድ ጣሳ በላይ አይኑር። ኤች4831 እና አይኤምአር 4831 ቁጥራቸው አንድ ይሁን እንጂ ባሩዶቹ የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱን መጠን ለሌላው መጠቀም አደጋ ነው። 4350 እና 4895 የሚል ቁጥር የያዙትም እንዲሁ።
- የተኩሱ ድምፅ ደከም ካለ ወይም ጠመንጃው እንደወትሮው ካልገፋዎት ወዲያውኑ ያቁሙ። ዓረሩ ቧንቧው ውስጥ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ቧንቧውን ይቀደዋል። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ቧንቧው ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉ።
- ቃታ ስበው ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳነጣጠሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለ።
- ከመጽሐፉ መነሻ በታች መውረድም ደኅንነት አይደለም። በተለይ በዝግታ የሚነድ ባሩድ በጣም ሲያንስ ያልተጠበቀ የግፊት ዝላይ ሊያመጣ ይችላል።

አሠራሩ

1. በመጀመሪያ የጠመንጃዎን ጤነኛ መልክ ይወቁ። አምስት የፋብሪካ ጥይቶች ይተኩሱና ቀለሆቹን ለይተው ያስቀምጡ። የፕራይመሩ ጠርዝ ምን ያህል ክብ ሆኖ እንደቀረ፣ የመምቻ መርፌው ጉድጓድ ምን እንደሚመስል፣ የመዝጊያው እጀታ ሲነሣ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ይመልከቱ። ፍጥነቱንም ይመዝግቡ። ከዚያ በማይክሮሜትር ሁለት ቦታ ይለኩ፦ አንዱ ከጥፍሩ ቦይ (ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ከሚይዝበት ዙሪያ) በላይ ያለው ጠንካራ ግርጌ ነው፤ ሌላው ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀለሁ በጣም የሚሰፋበት ዙሪያ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? እያንዳንዱ ጠመንጃ በቀለህ ላይ የራሱን አሻራ ይተዋል። የመርፌው ቀዳዳ ሰፊ የሆነ ጠመንጃ በፋብሪካ ጥይትም ቢሆን በፕራይመሩ ላይ ከንፈር ያወጣል። ጤነኛውን ካላወቁ ሕመሙን መለየት አይችሉም። ፎቶ ብቻ የሚልኩልኝን ሰዎች የምጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ አብዛኞቹ የሚያነጻጽሩበት ቀለህ የላቸውም።

2. ቀለሁን ያስተካክሉ። ሁሉም ከአንድ አምራች፣ ቢቻል ከአንድ ዙር የወጡና እኩል ጊዜ የተተኮሱ ይሁኑ። የ.308 ቀለህ ርዝመት ከ2.015 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ 2.005 ላይ ይደረጋል። አንገቱ ከረዘመ የጥይት ክፍሉ (ጥይቱ የሚገባበት የቧንቧው የኋላ ክፍል) ጫፍ ዓረሩ ላይ ጨምቆ ይይዘዋል፤ ዓረሩ ለመላቀቅ ሲታገል ግፊቱ ይዘላል። ባሩዱ ግን አንዲት ፍሬ አልተጨመረበትም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ለቀናት የሚያደናግር ስሕተት ይህ ነው።

ትከሻውን በመለኪያው እያዩ ከተተኮሰው ቀለህ 0.001 እስከ 0.002 ኢንች ብቻ ወደ ኋላ ይመልሱት። ከዚያ በላይ ከመለሱት በኋላ የማነሣውን የሐሰት ምልክት ይጋብዛሉ።

ሲጨርሱ የማሳለፊያውን (ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰውን መሣሪያ) ቅባት ከቀለሁ ላይ ፈጽመው ይጥረጉ። የጥይት ክፍሉንና ቧንቧውንም ያድርቁ። ደረቅ ቀለህ ሲተኮስ ግድግዳውን ጨብጦ ከኋላ የሚመጣውን ግፊት ይጋራል፤ ዘይት የነካው ግን ይንሸራተትና ጫናውን ሁሉ በመዝጊያው ላይ ይጥላል።

የወታደር 7.62 ቀለህ ከተጠቀሙ ያስታውሱ፦ ውስጡ ብዙ ጊዜ ከንግዱ ቀለህ ይጠባል። ያው ባሩድ በጠባብ ቤት ውስጥ ሲነድ ግፊቱ ይጨምራል።

3. ከመነሻው ይጀምሩ። መጽሐፉ የመነሻ መጠን ከሰጠ እሱን ይያዙ። ከፍተኛውን ብቻ ከሰጠና በተለይ ካልከለከለ በስተቀር የተለመደው 10 በመቶ መቀነስ ነው። ዓረሩ፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሁና አጠቃላይ ርዝመቱ መጽሐፉ ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዓረሮች ግፊታቸው እኩል ላይሆን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ረዘም ያለና ደረቅ ስለሆነ በራሱ ሠንጠረዥ ብቻ ይሞላል። የ«ማግነም» ፕራይመር (ነበልባሉ የሚበረታው ዓይነት) በተራው ቦታ ከገባ ደግሞ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና መጀመር ግድ ነው።

4. በትንሽ በትንሹ ይውጡ። በ.308 መጠን ላለ ቀለህ በየደረጃው 0.3 ግሬን ገደማ በቂ ነው። ከየደረጃው ሦስት ሦስት ጥይት ብቻ ይሙሉ፤ በቀለሁ ጎን ላይም መጠኑን በብዕር ይጻፉ። ሃምሳ ጥይት በአንድ ትልቅ መጠን ሞልቶ መሄድ ሃምሳ ዓረር በመዶሻ ነቅሎ መመለስን ሊያስከትል ይችላል።

ሚዛኑን ከመጀመርዎ በፊት በማረጋገጫ ክብደት ይፈትሹት፤ በመሃልም ይድገሙት። በባትሪ የሚሠራ ሚዛን ከአየር ማቀዝቀዣ በሚመጣ ንፋስ እንኳ ይዛባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ባሩዱንም የዓረሩንም ጥልቀት አብረው ከቀየሩ ምልክቱ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

5. በሜዳው ላይ ከዝቅተኛው ጀምረው አንድ በአንድ ይተኩሱ። ጥይቶቹ በጥላ ሥር ይቆዩ። ብዙ ባሩዶች ሲሞቁ ግፊታቸው ይጨምራል፤ በአሪዞና ፀሐይ መኪና ውስጥ የዋለ ጥይት ትናንት ማለዳ የተፈተነው ጥይት አይደለም። በጋለ ቧንቧ ውስጥ ጥይት አጉርሰው ወሬ አይጀምሩ። አደንዎ በሙቀት ወራት ከሆነ የመጨረሻውን ፍተሻ በዚያው ሙቀት ያድርጉ፤ በጥር ብርድ የተገኘ ከፍተኛ መጠን በሐምሌ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል።

6. ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ፍጥነቱን ያንብቡ። ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ምስክር ይህ ነው። ለተጨማሪ ፍጥነት የሚከፈለው ዋጋ ግፊት ነው፤ ነጻ ፍጥነት የለም። መጽሐፉ የተጠቀመበትን የቧንቧ ርዝመት ይመልከቱ። ብዙዎቹ በ.308 ላይ 24 ኢንች ይጠቀማሉ፤ የእርስዎ 20 ኢንች ከሆነ በአንድ ኢንች ከ20 እስከ 30 ጫማ በሰከንድ ያህል ቅናሽ ይጠብቁ።

አሁን ያነጻጽሩ። መጽሐፉ ለከፍተኛው መጠን የሰጠውን ፍጥነት፣ የቧንቧውን ልዩነት አስልተው፣ ከከፍተኛው በታች ባለ መጠን ካገኙት ከፍተኛው ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። ቀለሁ ምንም ያህል ቢያምር እዚያው ያቁሙ። ሌላም የሚታይ ነገር አለ፦ በየደረጃው ፍጥነቱ ተመጣጥኖ ሲጨምር ቆይቶ ድንገት ከዘለለ፣ ወይም ባሩድ ጨምረውም ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለና አይቀጥሉ።

7. የመዝጊያውን እጀታ በእጅዎ ያዳምጡ። ሁልጊዜ በዚያው እጅ፣ በዚያው አቀማመጥ ይክፈቱ። ሲተኮስ የጥይት ክፍሉ ብረትም የቀለሁ ናስም አብረው ይለጠጣሉ። ከዚያ ብረቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። ግፊቱ በልክ ሲሆን ናሱም ተሰብስቦ ክፍተት ይተዋል፤ ሲበዛ ግን ናሱ ተለጥጦ ስለቀረ የሚመለሰው ብረት ይነክሰዋል። እጀታው ከበደ፣ ወይም ቀለሁ ለመውጣት አመነታ ማለት ይህ ነው። በመዳፍ መምታት የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ከደረሱ የቀሩትን ጥይቶች ሳጥን ውስጥ መልሰው ወደ ቤት ይሂዱ።

8. ቀለሁን በማጉያ ይመርምሩ። ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ያብሩት፤ ጥላ ከሌለ ጉድጓድና ጉብታ አይለይም።

ከፕራይመሩ ይጀምሩ። ጤነኛዋ ፕራይመር ጠርዟ ክብ ሆኖ በእሷና በቀለሁ መካከል ቀጭን ቦይ ይታያል። ግፊት ሲጨምር ጠርዟ እየተዘረጋ ያንን ቦይ ይሞላዋል፤ በመጨረሻ ጥፍርዎን ቢጎትቱበት መገናኛው አይታወቅም። ቀጥሎ የመርፌውን ጉድጓድ ይመልከቱ። ሊጥ በቀለበት ሲጫኑት በመሃል እንደሚያብጠው፣ የፕራይመሩ ብረት በመርፌው ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ኋላ ገፍቶ ከንፈር ይሠራል። ጉድጓዱ ውስጥ ቀዳዳ ካዩ ፕራይመሩ ተበስቷል፤ የመዝጊያውን ፊት ይመርምሩ፣ ጋዙ ብረቱን ሊበላው ይችላል። በፕራይመሩ ዙሪያ ጥቁር የጢስ ቀለበት ካለ ጋዝ በዚያ አልፏል።

እነዚህ የፕራይመር ምልክቶች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚዋሹ ናቸው። የቆቡ ብረት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ለስላሳው በመጠነኛ ግፊት ይዘረጋል፣ ጠንካራው በከፍተኛውም ክብ ሆኖ ይቀራል። ብቻቸውን አይመኑባቸው።

ይበልጥ የሚታመነው የቀለሁ ግርጌ ነው። እንደ ሬሚንግተን 700 ባሉ ጠመንጃዎች የመዝጊያው ፊት ላይ ቀለህ አስፈንጣሪው የሚወጣበት ክብ ቀዳዳ አለ። ናሱ ሲሸነፍ ወደዚያ ቀዳዳ ይፈስና ትንሽ ጉብታ ይሆናል፤ እጀታውን ሲያነሡ የቀዳዳው ጠርዝ ጉብታውን ይላጨዋል። ውጤቱ በአምራቹ ስም ፊደሎች ላይ የሚያርፍ፣ የሚያብረቀርቅ ግማሽ ጨረቃ ነው። ቀለሁን በጣትዎ እያዞሩ ብርሃኑን ይከተሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ይላል። ይህን ካዩ አይከራከሩ።

የማውዘር 98 ዓይነት መዝጊያ ያላቸው ጠመንጃዎች ግን ያ ክብ ቀዳዳ የላቸውም፤ አስፈንጣሪያቸው በስንጥቅ ውስጥ የሚያልፍ ምላስ ነው። ስለዚህ ግማሽ ጨረቃውን ቢፈልጉ አያገኙትም። አለመኖሩን እንደ ጥሩ ዜና አይቁጠሩት።

9. ይለኩ። በደረጃ 1 የለኩትን ቦታ በሞሉት ቀለህ ላይ ይድገሙ፤ ልኩን ከመተኮሱ በፊትና በኋላ ይውሰዱ። ከጥፍሩ ቦይ በላይ ያለው ጠንካራ ግርጌ ከፋብሪካው ጥይት ይልቅ ከሰፋ ግፊትዎ በልጧል። ንጽጽሩ ትርጉም የሚኖረው ቀለሆቹ ከአንድ አምራች ከሆኑና እኩል ጊዜ ከተተኮሱ ነው፤ ካልሆነ የናስ ልዩነት እየለኩ ነው።

10. ቤት ሲመለሱ አዲስ ፕራይመር ሲያስገቡ ልብ ይበሉ። ይህ የሚዘገየው ምልክት ነው፣ ግን አይዋሽም። የፕራይመሩ ጉድጓድ ከሰፋ አዲሷ ያለ ትግል ትገባለች፤ በጣትዎ ከገባች ቀለሁ አብቅቶለታል። ጥሩ ቀለህ ብዙ ጊዜ ይሞላል። በሁለትና በሦስት ሙሌት ጉድጓዱ ከላላ ቀለሁን ከመውቀስዎ በፊት የባሩዱን መጠን ይጠርጥሩ። የላላውን በጉጠት ጨፍልቀው ይጣሉ፤ ካልጨፈለቁት አንድ ቀን ከደኅናዎቹ ጋር ይቀላቀላል።

የሐሰት ምልክቶች

ፕራይመሩ ተዘርግቶ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ እጀታውም ቀላል ከሆነ ትከሻውን ከልክ በላይ መልሰውት ይሆናል። መርፌው ሲመታው ቀለሁ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ፕራይመሩ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ከዚያ ግርጌው ተለጥጦ ሲመጣ ፕራይመሩን በመዝጊያው ላይ ይጨፈልቀዋል። መፍትሔው ደረጃ 2 ላይ ያለው ልክ ነው።

ፕራይመሩ ከግርጌው ወጣ ብሎ ከታየ፣ ወይም የቀለሁ አንገትና ትከሻ በጥላሸት ከተሸፈነ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ግፊቱ አነስተኛ ነው፣ ቀለሁ ክፍሉን በጊዜ አልዘጋም።

እጀታው ከተኩስ በፊት ጥይቱን ሲያጎርሱም ከከበደ ችግሩ የቀለሁ ልክ ወይም ቆሻሻ ክፍል ነው፣ ግፊት ላይሆን ይችላል። ሲዘጋ ቀላል፣ ሲከፈት ከባድ ከሆነ ግን ግፊትን ይጠርጥሩ።

ከግርጌው ከፍ ብሎ ቀለሁን የሚዞር ብሩህ መስመር የመበጠስ መጀመሪያ ነው። የሚመጣው ናሱ በተደጋጋሚ ሲለጠጥ ነው እንጂ የግድ ከአንድ ከባድ ጥይት አይደለም። የወረቀት መያዣ ሽቦ ጫፉን አጥፈው በቀለሁ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይጎትቱት፤ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ያንን ቀለህም ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸውንም ያስወግዱ።

እንደ ኤአር-15 ባሉ ራሳቸው በሚያጎርሱ ጠመንጃዎች ላይ የአስፈንጣሪው ምልክት መዝጊያው ቀድሞ ስለተከፈተም ሊመጣ ይችላል። በፋብሪካ ጥይትም ከታየ የጋዙ አሠራር ይመርመር።

ምልክት ሲያዩ

ያንኑ መጠንና ከእሱ በላይ ያሉትን ጥይቶች አይተኩሱ። «ሦስት ብቻ ናቸው የቀሩት» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ ይተዉት። መዝጊያው ከነአካቴው አልከፈት ካለ በመዶሻ አይደብድቡ፤ አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አድርገው ለሜዳው ኃላፊ ይንገሩ፣ ጠመንጃውንም ለመሣሪያ ጠጋኝ ያሳዩ።

ቤት ሲደርሱ ዓረሮቹን ይንቀሉና የቀሩትን ባሩዶች አንድ በአንድ ይመዝኑ። በደብተሩ ከጻፉት የሚለይ ካለ ችግሩ ሚዛኑ ወይም መስፈሪያው ነው። ልክ ከሆነ ርዝመቱን፣ ዓረሩ የቧንቧውን ጥምዝምዝ ቦይ መንካት አለመንካቱን፣ የቀለሁን አንገትና የዕለቱን ሙቀት በየተራ ይፈትሹ። ዓረሩ ቦዩን ነክቶ ሲጀምር ግፊቱ ከፍ ይላል፤ አጠቃላይ ርዝመቱን ለትክክለኛነት ብለው ከጨመሩ ይህንን በመጀመሪያ ይመልከቱ።

ምልክቱ ከመጽሐፉ ከፍተኛ በታች የመጣ ከሆነ ለእርስዎ ጠመንጃ ወሰኑ ያ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ደረጃ ወርደው ይሥሩ። መጽሐፉ የተለካው በሌላ ቧንቧ ነውና ቁጥሩ መብቴ ነው ብሎ መሟገት አይሠራም። ከከፍተኛው በላይ ሳለ የመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ እዚያ መድረስ አልነበረብዎትም።

የተለመዱ ስሕተቶች

አንድን ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ ትልቁ ነው። ፍጥነት፣ የእጀታ ክብደት፣ የቀለሁ ግርጌ፣ ልኬት እና ፕራይመር በዚህ ቅደም ተከተል ይመዘናሉ። ሁለቱ ከተስማሙ ሦስተኛውን አይጠብቁ።

የጓደኛን መጠን መቅዳት ሌላው ነው። ለወዳጅ ጥይት ሞልቶ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ በእርስዎ ጠመንጃ ጤነኛ የሆነው በእሱ ጠመንጃ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል።

አዲስ የባሩድ ጣሳ ሲከፍቱ በአሮጌው ከፍተኛ መጠን መቀጠልም ይዘወተራል። በዙሮች መካከል ልዩነት አለ፤ ጥቂት ደረጃ ወርደው እንደገና ይውጡ።

በዝቅተኛ ግፊት በሚሠሩ ጥይቶች፣ እንደ .30-30 እና .45-70 ባሉት፣ የፕራይመር መዘርጋትን መጠበቅ አደገኛ ነው። እዚያ መጽሐፉና ክሮኖግራፉ ብቻ ይሠራሉ።

ከነቀሏቸው ጥይቶች የወጣውን ባሩድ ምንነቱን እርግጠኛ ካልሆኑ ወደ ጣሳው አይመልሱ። ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቀው፣ በሣር ላይ በስሱ ይበትኑት።